በመርፌ የተወጉት እንሰቶች

ከሆሳዕና ወጣ ብሎ፣ ረፋድ ላይ፤ ወይዘሮ ሎምቤ በጓሯቸው የጠወለገ እንሰት ሊነቅሉ ሲሉ፣ ተመራማሪው ሃንዲሶ ፊታቸው ቆሞ ይከለክላቸዋል።

ሎምቤ፦ ዞር በል፤ ከእንሰቱ ጋር አብሬ እንዳልነቅልህ።

ሃንዲሶ፦ እትዬ ሎምቤ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ይታገሱኝ። ከነቀሉት የሦስት ዓመት ሥራዬ ገደል ገባ።

ሎምቤ፦ ሳምንት ከታገስኩማ በሽታው ጓሮውን ይጨርሰዋል። ልጆቼን ሥራህን ላብላቸው?

ሃንዲሶ፦ እኔ በመርፌ ያስገባሁት ባክቴሪያ አያሳምምም፤ በሽታ የሚያመጣው ነገር ተነቅሎለታል። ፕሮቲን ተሸክሞ ይገባል፣ የእንሰቱ ሴል ውስጥ ያራግፈዋል፣ ከዚያ ይሞታል። አጠውልግ የሚባለውን በሽታ እንዲቋቋም የሚያደርገው ፕሮቲኑ ነው።

ሎምቤ፦ አጠውልግም ባክቴሪያ ነው ብለኸኛል። የሌባውን ወንድም ዘበኛ ቀጠርኩልሽ ነው የምትለኝ? ጅብም በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ብሏል።

ሃንዲሶ፦ ያኔ አስረድቼዎት ፈቅደዋል እኮ።

ሎምቤ፦ አምስት እንሰት ፈቀድኩ። ይኸው ወር ሳይሞላ አንዱ ጠወለገ። ጎረቤት ሁሉ ሲያልቅበት ሰባት ዓመት በሽታ ያልደፈረው ጓሮ ነው።

ሃንዲሶ፦ አጠውልግ ከሆነ በሌላ መንገድ ነው የገባው። በከብት፣ በቢላ...

ሎምቤ፦ ከብት አይገባም፤ አጥሩን እይ። የእኔ ቢላ ደግሞ እሳት ሳይነካው ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው አይሻገርም። እናትህም ቢላዋን እሳት ሳታስነካ አትቆርጥም ነበር።

ሃንዲሶ፦ እናቴን ምን አመጣት?

ሎምቤ፦ በመርፌ የወጋሃቸው ቀን ቅጠልም ቆርጠሃል። በምን?

ሃንዲሶ፦ በቢላዬ። ለናሙና ነው።

ሎምቤ፦ ወደዚህ ከመምጣትህ በፊት የት ነበርክ?

ሃንዲሶ፦ ታች፣ አቶ ማዲቦ ጓሮ።

ሎምቤ፦ እንሰቱ ያለቀበት ማዲቦ። እዚያም ቆረጥክ?

ሃንዲሶ፦ አዎ።

ሎምቤ፦ ከዚያስ ቢላውን ምን አደረግኸው?

ሃንዲሶ፦ አልኮሉ አልቆብኝ ነበር። በጨርቅ ጠረግሁት።

ሎምቤ፦ እሳት አመድ ወለደ። ምድጃዬ እዚያ እየነደደ፣ የዚያች እናት ልጅ በጨርቅ ይጠርጋል።

ሃንዲሶ፦ ቸኩዬ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይሄን አንዱን እኔው ልንቀልልዎት።

ሎምቤ፦ በዚያ ቢላ የቆረጥከው ይሄን አንዱን ብቻ ነው?

ሃንዲሶ፦ ...አምስቱንም።

ሎምቤ፦ እንግዲያው አምስቱንም ትነቅላለህ። እኔ መቅበሪያውን ልቆፍር።