አባቴ ኮቱን የለበሰ ዕለት

አባቴ ከዞኑ ሥልጣን ከተነሣ ወዲህ ሶዶ ያለውን ቤታችንን የሚያንኳኳ ሰው የለም። ድሮ ሳሎኑ ከጠዋት ጀምሮ በሰው ይሞላ ነበር። ልጅ ሳለሁ ላወራው ስገባ "ባለጉዳይ አለብኝ" ይለኛል፤ በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼ እወጣለሁ። ካደግኩ በኋላ ፓርቲ ግቢ ሲለኝ እምቢ ብዬ የእንሰት በሽታ አጠናሁ። "ለቅጠል ነው እንዴ ያስተማርኩሽ?" ብሎ አኮረፈኝ። ይኸው አሁን እኔና እሱ ብቻችንን አንድ ቤት እንኖራለን፤ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ ግን የለንም።

ባለፈው ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። አባቴ ሬዲዮውን አጥፍቶ የስብሰባ ኮቱን ለበሰና ራሱ ሄዶ ከፈተ። እኔ ከጓዳ ሆኜ አያለሁ። ከቦምቤ የመጣች ገበሬ ናት፤ በፌስታል የጠወለገ ቅጠል ይዛለች። ገና አፏን ሳትከፍት "ጉዳይሽን በጽሑፍ አድርገሽ አምጪ" አላት፤ የድሮ ልማዱ ነው።

"ጽሑፍ አላውቅም አባባ" አለችው። "እንሰቴ እየሞተብኝ ነው። እንሰት የምታክም ልጅ እዚህ ቤት አለች ብለውኝ መጣሁ።"

አባቴ ቅጠሉን አየው። ከዚያ ሴትዮዋን ሳሎን አስቀመጣትና ወደ ጓዳ መጣ። ፊቴን ሳያይ "ባለጉዳይ አለብሽ" አለኝ።

ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነበር። እሱ ግን ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ መኝታ ቤቱ ገባና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ ድሮ እኔ እንደምዘጋው።