ነገ ኮንሰርት ያለባት አይጥ

በርናዴት፣ አርፈሽ ተቀመጪ። ዛሬ በጡረታ የምንሸኝሽ ቀን ነው፤ ስልክ ቢጮህም አትነሺም።

በርናዴት ቮይቺክ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ በር የገባች ዕለት እኔ ስልክ ላይ እጮህ ነበር። አለቃችን ጌሪ ደግሞ እኔ ላይ ይጮህ ነበር። የጭነት መኪናችን ከሚልዋኪ ከተማ ሳይወጣ በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። እሷ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ነበር የመጣችው። መደርደሪያው ላይ ነጭ ዱቄት ያለበት ብልቃጥ አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፕሮፕራኖሎል» አላት ጌሪ። «የልብ ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው። የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪዎች ከእኛ ይገዙና አይጥ ላይ ይሞክሩታል።»

«ታዲያ አይጦቹን ስታረጋጉ ለራሳችሁ ትንሽ አላስተረፋችሁም?»

ጌሪ እዚያው ቀጠራት። ጩኸቱን ግን አልተወም።

ብልቃጦቹ ላይ የምንለጥፈውን ታውቁታላችሁ፤ «ለምርምር ብቻ። ለሰው አይሆንም።» በርናዴት የተለጣፊውን ጥቅልል በእጇ ካስገባች በኋላ ያልተለጠፈበት ነገር የለም። የጌሪ ወንበር ላይ ለጠፈች። ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጥኩት አይብ ላይ ለጠፈች። የቡና ማፍያው ላይ ስትለጥፍ ማንም አልተከራከራትም። አንድ ቀን የመጣው የመንግሥት ተቆጣጣሪ የመጸዳጃ ቤቱን በር አንብቦ፣ በትሕትና ይቅርታ ጠይቆ፣ መንገድ ተሻግሮ ነዳጅ ማደያ ሄደ። ሪፖርቱ ላይ «ሠራተኞቹ እጅግ ጥንቁቅ ናቸው» ብሎ ጻፈልን።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ። መድረክ ላይ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሙዚቀኛ ሁሉ ይህን ዱቄት እኛ ዘንድ እንደሚያገኝ ከማን እንደሚሰማ አላውቅም። ብቻ ይደውላል። አንዱን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።

«ከየትኛው ላቦራቶሪ ነዎት?» አለችው።

«ከ... ከሁለተኛ ቫዮሊን ላቦራቶሪ።»

«ምርምሩ በምን ላይ ነው?»

«በአይጥ።»

«አይጧ ምን ሆነች?»

እሱም ቀስ ብሎ፣ «ነገ ኮንሰርት አለባት» አላት።

«አይሸጥም። አይጧን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። ለመሆኑ ኮንሰርቱ ስንት ሰዓት ነው?»

ስልኩን ስትዘጋ ጮህኩባት። «ምን ነካሽ? ገበያዬን እኮ ዘጋሽው!»

«ዱቄቱ ለሰው ተብሎ አልተመዘነም። ገበያው ነገም አለ። ቫዮሊኒስቱም ነገ ይኑር።»

በማግሥቱ በራሷ ገንዘብ ትኬት ገዝታ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከኮንሰርቱ ማግሥት ጠዋት «አይጧ እንዴት ነበረች?» አልኳት።

«መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች። ኋላ ረሳችው።»

እንግዲህ ከሰኞ ጀምሮ ያ ስልክ የእኔ ነው። እኔ ደግሞ ለገዢ እምቢ ብዬ አላውቅም። የሌለንን ዕቃ እንኳ «መንገድ ላይ ነው» እላለሁ። ጌሪ፣ አትሳቅ፤ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ዩኒቨርሲቲዎቹ እኛን የሚያምኑት በእኔ ምላስ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። በርናዴት፣ በእምቢታሽ ነው። አመሰግንሻለሁ።

ብርጭቆዬ ሲንቀጠቀጥ እያያችሁ ነው። ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛዋ ጋ ሄጄ፣ «ከዚያች ብልቃጥ ትንሽ ስጪኝ፤ ለምርምር ነው» አልኳት።

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «በምን ላይ?»

«በነጋዴ።»

«ምን ሆነ?»

«ከሰዓት በኋላ ወዳጁን መሸኘት አለበት።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አይሸጥም» አለችኝ። «ግን ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።»

ይኸው፣ ተቀምጣለች።

ሰኞ የሚደውለውን ሁሉ እምቢ እለዋለሁ፣ በርናዴት። ከዚያ «ኮንሰርቱ ስንት ሰዓት ነው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሡ! ጤና ይስጥሽ፤ ቤትሽ ሳቅ አይጥፋበት፤ ስልክሽም የልጆችሽን ድምፅ ብቻ ያሰማሽ። ለበርናዴት!

ብራንዲው ላይ የለጠፈችውን አታንብቡ፤ ዝም ብላችሁ ጠጡ።