ስሙን ለውጦ ስለ ተመለሰው ስልክ

የምስክር ቃል መቀበያ

ስም፦ ሐጂ ዐብዱልከሪም ሷሊሕ
ዕድሜ፦ 74
ሥራ፦ የጨርቅ ነጋዴ
አድራሻ፦ ጎንደር ከተማ፣ አዲስ ዓለም
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ፣ ግንቦት 11 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10፡00 ሰዓት

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ በሴት ልጄ በሪሃና ስልክ መጥፋት ተጠርጥራ በቁጥጥር ሥር ስለምትገኘው የቤት ሠራተኛችን ታየች ሰውአገኝ ተጨማሪ ቃል ለመስጠት በራሴ ፈቃድ ቀርቤ የሚከተለውን አስረድቻለሁ።

ራውተር የሚባለው የኢንተርኔት ማከፋፈያ በቤቴ ከገባ ወዲህ፣ ማን እንደሚጠቀምበት ሳላውቅ አላድርም። ባለፈው ክረምት ሪሃና የራውተሩን ገጽ በኮምፒውተሯ ከፍታ ስታሳየኝ የማላውቀው አድራሻ ሰፍሮ አየሁ። ጎረቤት ግድግዳ ተሻግሮ የገባብን መስሎኝ ብዙ ሰው ተጠራጥሬ ነበር፤ ሲጣራ የሳሎኑ ቴሌቪዥን ሆኖ ተገኘ። ሪሃናም «አባባ፣ የዕቃውን ስም ባለቤቱ እንዳሻው ይለውጠዋል። ይህ የቁጥርና የላቲን ፊደል ድብልቅ ግን ከፋብሪካ አብሮት የመጣ አድራሻው ነው፤ ስልክ ውስጡ ቢጠረግ እንኳ አብሮ አይጠፋም» ብላ አስረዳችኝ። የላቲኑን ፊደል ከጣቃ ጨርቅ ላይ ያወቅሁት ስለሆነ፣ እርሷ እያነበበች እኔ እየደገምሁ፣ በልጅነቴ ቁርአን በቀራሁበት ሥርዓት የቤቱን ዕቃዎች አድራሻ ሁሉ በቃሌ ያዝሁ።

እሑድ ግንቦት 6 ቀን ዘመድ ለምሳ ተሰብስቦ ሳለ የሪሃና ስልክ ከሳሎን ጠፋ። የወሰደው ሰው በመስመራችን እንዳይገባ በዚያው ምሽት የይለፍ ቃሉን አስለወጥሁ። ወንዱ ልጄ ጃቢር እየተመላለሰ «ከእርሷ በቀር ሳሎን የሚያጸዳ ማን አለ? አገሯ ድብ ባሕር ከገባች ወዲያ ስልኩንም እርሷንም አታገኟቸውም» እያለ ታየችን በፊቷ ይከስሳት ነበር። ታየች ግን «ምነው አያ ሐጂ፣ ቤቱን ሙሉ ትተውልኝ ሲሄዱ ማንኪያ ጎድሎብዎ ያውቃል?» አለችኝ። ማንኪያ አልጎደለብኝም። ሆኖም የገዛ ዘመዴን ከመጠርጠር እርሷን መጠርጠር ስለ ቀለለኝ፣ ረቡዕ ግንቦት 9 ቀን አመልክቼ አስይዣታለሁ።

ዛሬ ከጁምዓ ሰላት መልስ ጃቢር ለምሳ መጣ። አዲስ ገዛሁት ያለውን ጥቁር ልባስ የለበሰ ስልክ አውጥቶ የይለፍ ቃሉን ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። እንደ ልማዴ ሪሃና ገጹን እንድትከፍት አዘዝሁ። የማላውቀው ስም ተጨምሯል። አድራሻው ግን የጠፋው ስልክ አድራሻ ነበር። ዓይኔን ተጠራጥሬ ጮክ ብላ እንድታነብልኝ አደረግሁ፤ ሳትጨርስ ቀድሜአት ጨረስሁ።

ጃቢር እየሳቀ «አባባ ደግሞ! ቁጥር አይደል? ይመሳሰላል» አለኝ። እኔም «አንድ ፊደል አመሳስዬ ስቀራ ሼኻችን ከሱራው መጀመሪያ ይመልሱኝ ነበር። አጥፋውና እንየው» አልሁት። ሲያጠፋው አድራሻው ከገጹ ላይ ጠፋ፤ ሲያበራው ተመልሶ መጣ። ጃቢር ሳቁን ተወ። ሪሃና ልባሱን ብትገልጠው፣ ደረጃ ላይ የጣለችው ጊዜ የተሰነጠቀው ጥግ እንደነበረ ነው። ጃቢር ስልኩን ከሳህኑ አጠገብ ትቶ ወጣ።

ስልኩን ለመርማሪው አስረክቤአለሁ። አባት እንደ መሆኔ በልጄ ላይ ቃል ለመስጠት እንደማልገደድ ተነግሮኛል። ታየች የታሰረችው በእኔ ቃል ነውና፣ በእኔው ቃል እንድትፈታ አመለክታለሁ። እስክትወጣም ከዚህ ግቢ አልሄድም።

ከላይ የሰፈረው ቃል ተነብቦልኝ አዳምጬአለሁ። በመጀመሪያው ንባብ «አንድ የቤተሰቡ አባል» ተብሎ የነበረው «ልጄ ጃቢር» ተብሎ እንዲጻፍ አሳርሜ፣ የቀረው ሁሉ እንደ ተናገርሁት መሆኑንና እውነት መሆኑን በፊርማዬ አጽንቻለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ዐብዱልከሪም ሷሊሕ
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ዳኛው በላቸው