እጅ ኪስ ውስጥ፣ ማስጠንቀቂያ ፋይል ውስጥ

ዛሬ በጡረታ የምንሸኝዎ እትዬ እታለም፣ ከፈረስ ቤት ከተማ ለላብራቶሪ ሥራ ተዛውረው እዚህ ኮሌጅ ግቢ የገቡ ዕለት ዘበኛችን ገብረሰንበት የተማሪ ወላጅ መስለውት "ልጅዎ ስንተኛ ዓመት ነው?" ብሎ በር ላይ አቆመዎት። "እኔ ራሴ ገና አንደኛ ቀኔ ነው፤ ይልቅ የፊዚክስ ላብራቶሪውን ቁልፍ አምጣ!" አሉት። ይኸው አሥራ ሦስት ዓመት ቁልፉን ለማንም አልሰጡም።

ቀለበት ያላወለቀ አይገባም፤ ነጠላዋን ያላስቀመጠች አትገባም። እኔን መምህሩን እንኳ "መምህር ይርሳው፣ ሰዓትዎን ፈተው ይግቡ" ብለው መልሰውኛል። ከሁሉም ያቺ "አንድ እጅ ኪስ!" ነበረች። ኤሌክትሪክ ያለበት ዕቃ የሚነካ ሁሉ ሌላውን እጁን ኪሱ ይከታል፤ ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ በልብ በኩል እንዳያልፍ። ጎጃም ውስጥ፣ በታላቅ ፊት፣ እጅ በኪስ! የግምገማ ኮሚቴው ሊጎበኘን መጥቶ ሃያ ተማሪ እጁን ኪሱ ከትቶ ሲያይ ምን ብሎ ጻፈ? "ሥነ ምግባር የጎደላቸው።" ሳቁ፣ እናንተ ሳቁ። እኔን ግን ሳቁ አልመጣኝም።

እጅ ኪስ የገባው እኮ ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው የግራውንድ ሽቦ ስላልነበረን ነው! እርስዎ ስምንት ዓመት "ይቀበርልን" ብለው ጻፉ። "በዕቅድ ተይዟል" ተባሉ። አጥሩ ቀለም ተቀባ፣ ባነር ተሰቀለ፣ አንድ ለአምስት ተደራጀን፤ ሽቦው ግን አልተቀበረም። የዛሬ አራት ዓመት ተማሪያችንን፣ የማንኩሳውን ልጅ ድረስን፣ ኤሌክትሪክ ይዞት ሲቀር፣ እኛ ቆመን ስንጮህ ሮጠው ዋናውን ማጥፊያ የዘጉት እርስዎ ነዎት። ልጁ ተርፎ ዛሬ ቡሬ ያስተምራል። ለእርስዎስ ምን ተሰጠዎት? "በቸልተኝነት" የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ! ሽቦውን የከለከለንን ማን ጠየቀው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

ዲናችን ፊታቸውን እያጠቆሩብኝ ነው። ያጥቁሩ! የባሰውን ልናገር፤ ማስጠንቀቂያው በተወሰነበት ቃለ ጉባኤ ላይ ሦስተኛው ፊርማ የእኔ ነው። ፈራሁ። እርስዎ እያወቁ አንድ ቀን እንኳ አላነሡብኝም፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ተማሪዎቼ በሰላም ገብተው በሰላም የወጡት በእርስዎ ነው። አመሰግናለሁ፤ ይቅርታዎንም እለምናለሁ።

ዛሬ ጠዋት "ፊርማዬን አንሥቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኛ ነው" ብዬ ጽፌ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። የቀራችሁት አራት ፈራሚዎች እዚሁ አዳራሽ ብርጭቆ ይዛችሁ ተቀምጣችኋል።

በሉ ሁላችንም እንነሣ! ለእትዬ እታለም ጤና፣ ዕድሜ፣ የሰላም ጡረታ! የፈረማችሁ ግን ዓይናቸውን እያያችሁ ጠጡ።