ሲ ለመማር ሦስት ወር አሴምብሊ

አንድ ጊዜ አንድን ሰው ሳልሰድበው፣ ስሙንም ሳልጠራ፣ ከክፍሉ አስወጥቻለሁ። በአንድ ማሠልጠኛ ሲ የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ የምናስተምር ሁለት ነበርን፤ ለቀጣዩ ተርም ግን አንድ አስተማሪ ይበቃል ተባለ። ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። ያ ሌላው አስተማሪ እዚያው ቢሮ ከመደርደሪያው ጀርባ ተቀምጦ ፈተና እያረመ እንደነበር አውቃለሁ። ለኃላፊው ያልኩት ይኸው ነው።

ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? ጉንፋኑ ለቀቀዎት? ይኼ መስኮት ዛሬም አልተጠገነም እንዴ... ነፋስ መቼም አዋቂና ጀማሪ አይለይም።

የመጣሁት ሰው ላመሰግን ነው። አንዳንድ ሰው አለ፣ ሲ ልማር ብሎ የመጣን ልጅ መጀመሪያ ሦስት ወር አሴምብሊን፣ የማሽኑን የራሱን ቋንቋ፣ የሚያስተምር። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ቁጥር ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ፣ አንድ በአንድ። ዳቦ ለጠየቀው ማረሻ የሚያቀብል ደግ ዛሬ የት ይገኛል? ሠላሳ ተመዝግበው አራት ቀሩ አሉ... ምን አለበት? ክፍሉ አየር አገኘ።

የኔዎቹማ ችኩሎች ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት ፕሮግራም ጽፈው ይስቃሉ። የሜሞሪ አድራሻ የሚይዘው ፖይንተር ላይ ሲደርሱ ስህተቱ እስኪጠፋ የኮከብ ምልክት ይጨምራሉ፤ አንዱ እምቢ ካለ ሁለት። ለምን ሠራ ብሎ የሚያደርቀኝ የለም። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይባል የለ? አንዳንዱ እንቁላል ግን ጣቶቹን ሲቆጥር ተርሙ ያልቅበታል...

እውነቱን ልናገር፣ ባለፈው የኔ ፕሮግራም መሀል ላይ ቀጥ ሲልብኝ ማን ደረሰልኝ? ያው... ያ ሰው። የሜሞሪ አድራሻውን በጣቱ እየተከተለ በአምስት ደቂቃ ጥፋቱን አገኘው። ታዲያ እንዲህ ያለ እጅ ከልጆች ጋር መድከም አለበት? ማሽን አይሰለች፣ አያዛጋ፣ አቋርጦ አይሄድ... እዚያው ጥገና ክፍል ቢያርፍ ለሱም አይሻለውም?

ብቻ አምላክ ረጅም ዕድሜ ይስጠው፣ ጋሼ። ሲ ላይ የሚያደርስ ዕድሜ። ተማሪ የማይረብሸው ጸጥ ያለ ክፍልም አይንሳው።

ከመደርደሪያው ጀርባ የእስክሪብቶው ድምፅ ቆመ።

ክፍሉ ለኔ ተሰጠ፤ እሱ ጥገና ወረደ። አራቱ ልጆቹ ወደኔ ተዛወሩ። ፖይንተር ላይ ስንደርስ የኔዎቹ እንደለመዱት ኮከብ ሲደረድሩ፣ ከአራቱ አንዷ ተነሥታ ሰሌዳው ላይ ሳጥን ሣለች፣ በሳጥኑ ውስጥ አድራሻ ጻፈች፤ ክፍሉ በሙሉ ገባው። እኔም ያን ቀን ነው በደንብ የገባኝ።

ጥገና ክፍል በር ድረስ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ይህን የምታነቡ፣ እባካችሁ እናንተ ይቅር በሉኝ።