አረንጓዴ ያወጣው ነሐስ

ከቡሬ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ የዛገ የብረት ቱቦ ታቅፈዋል። አጠገባቸው ያለው ጎልማሳ ጠየቃቸው።

«አባቴ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«የቀበሌያችን ውሃ ፓምፕ ሲሊንደር። ዓመት ሳይሞላው ዝገት በላው።»

«እኔ ቶርኖ ቤት ነው የምሠራ። ይሄ ተራ ብረት ነው። ውሃ ውስጥ የሚበረክት ነሐስ ነው።»

«የፊተኛው ነሐስ ነበር።»

«ተሰበረ?»

«ኧረ ምኑም አልተነካ። አረንጓዴ ሲያወጣ ጊዜ መርዝ ነው ብለን አስነቀልነው። ኮሚቴውን ያሳመንሁ እኔው ነኝ።»

«አይ አባቴ! ነሐስ ላይ ላዩን አረንጓዴ ይለብሳል እንጂ እንደ ብረት ውስጡ አይበላም። ልብሱ እኮ ነው የሚጠብቀው።»

«ይኸው ዛሬ ሰማሁ።»

«ጣላችሁት?»

«ምን ብለን እንጥለዋለን? ትምህርት ቤቱ ደወል አልነበረው፣ እዚያ ሰቀልነው።»

«እንግዲያ አውርዳችሁ መልሱት።»

«ለመስቀያው ገመድ ብለን ወገቡን በሳነው።»

ጎልማሳው «ሴቶቹስ ውሃ ከየት ይቀዳሉ?» አለ።

«ወንዝ ይወርዳሉ።»

«ለደወልነቱስ ይሆናል?»

«ድምፁማ ያምራል፣ ልጄ። እስከ ወንዙ ድረስ ይሰማል።»

ልጠጣ የከፈትሁትን የውሃ ጠርሙስ መልሼ ከደንሁት።