ጋሽ ጆሮና የዲስትሪቢዩተር መፈተሻቸው

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፣ ከሩቅ መንገድ መኪና አሳድራችሁ የመጣችሁ ሾፌሮችም፤ የወንድማችንን ዜና ሕይወት እንዳነብ ቤተሰቡ እኔን የመረጠው የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ስለሆንኩና ዕድሜዬንም በጭነት መኪና መሪ ላይ ስለጨረስኩ፣ ሰውየውንም ሥራቸውንም ያውቃል ተብሎ ነው። በዚህ ዓመት ብቻ ብዙ ወዳጆቻችንን ሸኝተናል፤ ቀባሪም ይደክማልና ድምፄ ዝቅ ቢል ታገሡኝ።

ወንድማችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው ቃል የማያበዙ፣ እንጨትን ከመሰንጠቃቸው በፊት በጣታቸው አንኳኩተው የሚያዳምጡ ሰው ስለነበሩ፣ ነገርን በድምፁ መለየትን ከእሳቸው እንደወረሱ ሟቹ ራሳቸው ይናገሩ ነበር። አባታቸው በሳንባ ሕመም ከሥራ ሲቀሩ የቀለም ትምህርታቸውን አቋርጠው ሙያ ትምህርት ቤት ገቡና የመኪና ኤሌክትሪክ ተማሩ። ስለ ሞተ ሰው እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ በትምህርታቸው መካከለኛ ነበሩ፤ መጽሐፉ ላይ የተሣለውን ሞተር ሲያዩ ያንቀላፉ እንደነበር አብረዋቸው የተማሩት ዛሬም ይመሰክራሉ።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ጋራዥ ተቀጥረው ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ ሲሆን፣ ስማቸውም የወጣው እዚያ ነው። ሌላው መካኒክ ኮፈን ከፍቶ ብልጭታ ሰጪውን ካንዴላ አንድ በአንድ ሲፈታ፣ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚሠራውን ሞተር ጥቂት ያዳምጡና፣ አራተኛው ካንዴላ እየሳተ ነው፣ ወይም ብልጭታውን የሚያቋርጠው ፑንቲና ተቃጥሏል ብለው ካቻቢቴያቸውን ያነሣሉ። እንዳሉትም ሆኖ ይገኛል። በዚህ ምክንያት ሾፌሮች ጋሽ ጆሮ ብለው ሰየሟቸው፤ ስሙንም ስለወደዱት፣ በኋላ የራሳቸውን ጋራዥ ሲከፍቱ በብረት በሩ ላይ ትልቅ ጆሮ አስሣሉ። ሥዕሉ ከጆሮ ይልቅ ድንች የሚመስል ቢሆንም፣ እሳቸው ግን ይኮሩበት ነበር።

ባለቤታቸው፣ እኔ እታለም የምላቸው እኅቴ፣ ከጋራዡ ማዶ በሚገኘው የልብስ ስፌት ቤት ጨርቅ ቆራጭ ነበሩ። የተዋወቁትም፣ የሞተሩ ጩኸት እጃቸውን እያናወጠ ጨርቅ ስላበላሸባቸው ለጠብ መንገዱን ተሻግረው በመጡ ጊዜ ነው። ጠቡ ሳይፈጸም ጋብቻው ተፈጸመ። ከጋራዡ በስተጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆች አፍርተው፣ በቤንዚን ሽታና በልብስ ቁርጥራጭ መካከል አሳድገው ለቁም ነገር አበቁ።

ሥራው እየቀዘቀዘ የመጣው ወንድማችን ወደ ስልሳ ሲጠጉ ነው። አዳዲሶቹ የጭነት መኪኖች በናፍታ የሚሠሩና ለብልጭታ ማስተካከያ የእሳቸውን ካቻቢቴ የማይፈልጉ ሲሆኑ፣ የቀሩላቸው አሸዋና ውኃ የሚያመላልሱት አሮጌ የቤንዚን መኪኖች ብቻ ነበሩ። ያን ሰሞን አንድ የአውቶቡስ ድርጅት ጋራዡን ዘግቶ ዕቃ ሲሸጥ፣ ብረት መያዣ ሞርሳ ገዝቼ ልምጣ ብለው የወጡት ወንድማችን፣ አራት ሰው የሚሸከመው፣ ቁመቱ ደረት የሚደርስ የብረት ሣጥን አስጭነው ተመለሱ። ይህም ብልጭታን ለየካንዴላው የሚያድለውን ዲስትሪቢዩተር ከመኪናው ነቅለው የሚፈትሹበት፣ እኛ ሾፌር ሳንሆን ገና የተሠራ መሣሪያ ነበር። ዲስትሪቢዩተሩ ላዩ ላይ ታስሮ ሲሽከረከር፣ እያንዳንዱ ብልጭታ በቁጥር በተከፋፈለ ክብ ላይ እንደ ሰዓት ዘንግ ቀጭን የብርሃን መስመር ያወጣል፤ መስመሮቹ በየቦታቸው ከቆሙ ጤና ነው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ከተጠጋጉ ሕመም አለ።

የተገዛው ለመኝታ ቤቱ ጣሪያ በተቀመጠው ገንዘብ ነበር። እታለም መሣሪያው ሲወርድ በሩ ላይ ቆመው፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ቁም ሣጥን ገዛህልኝ ያሉትን መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። የቤንዚን መኪና ሊያልቅ ሲል መፈተሻ መግዛታቸውንም ያየ ሁሉ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እያለ ሣቀ። ወንድማችን የመለሱት፣ ያስፈልገኛል የሚል አንድ ቃል ብቻ ሲሆን፣ ለምን እንደሚያስፈልጋቸው ግን ሆድ ይፍጀው ብለው ያዙት።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የወረደውን ቅዝቃዜ መናገር ያደክመኛል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ጠብታው በሳፋው ላይ ሲደልቅ እታለም እንቅልፍ አጥተው ያድራሉ፤ እሳቸው ግን እንደ ድንጋይ ተኝተው ይነጋላቸዋል፤ ይህም ለእታለም ንቀት መሰላቸው። ጎረቤት ከኋላቸው ሰላም ሲላቸው ሳይመልሱ ያልፋሉ፤ ጋሽ ጆሮ ዕቃ ገዝቶ ኮራ ተባለ። ሾፌሮቹም ሞተር አስነሥተው፣ እስቲ ያድምጡልን ሲሏቸው፣ ማዳመጥ ቀርቷል፣ ነቅላችሁ አምጡልኝ ይሉ ጀመር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ይህ ሁሉ ሐሜት ሲዞር ከእሳቸው ዘንድ አልደረሰም።

አንድ ቀን እታለም ኩርፊያው መሯቸው ለዕርቅ ወደ ጋራዡ ገቡ። ወንድማችን ጀርባቸውን ሰጥተው በመሣሪያው ላይ አጎንብሰው ስለነበር፣ ፊት ለፊት ሊሉት የከበዳቸውን ሁሉ ከኋላ ሆነው ተናገሩ፤ ጣሪያው ይቅር፣ ከጣሪያው አንተ ትበልጥብኛለህ አሉ። ወንድማችን ግን ዘወር እንኳ አላሉም። እታለም ወደ ቤት ተመልሰው ለወራት አንዲት የፍቅር ቃል አልወጣቸውም።

ቀጥሎ የሆነውን ከሰው ሰምቼ አይደለም የማነበው፤ መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። መኪናዬን ወደ ኋላ እየመለስኩ ወደ ጋራዡ ሳስገባ፣ ወንድማችን መሐል መንገዱ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው የወደቀ ብሎን ይፈልጉ ነበር፤ ክላክስ አደረግሁ፣ ደጋግሜም አደረግሁ፣ ይነሣሉ ብዬ ቀስ እያልኩ መጣሁ። ጩኸቱን ሰምተው የወጡት እታለም ግን ሮጠው በቱታቸው አንገት ጎትተው ጣሏቸውና፣ እኔም ፍሬን ይዤ ወረድኩ። ወንድማችን ከመሬት ሆነው መጀመሪያ መኪናውን፣ ቀጥሎ ሚስታቸውን አዩ። እታለም፣ አትሰማም እንዴ ሲሏቸው፣ እሳቸው ያን ጊዜ ብቻ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጆሮዬ ከሄደ ቆየ፣ ጋሽ ጆሮ ደነቆረ ከተባለ ማን መኪና ያመጣልኛል፣ በጆሮዬ ያጣሁትን በዓይኔ ልየው ብዬ ነው የገዛሁት አሉ። እታለም አጠገባቸው መሬቱ ላይ ተቀመጡ። ለጠብ የመጡበትን የሞተር ድምፅ፣ ለዕርቅ የተናገሩትን ቃል፣ የሳፋውን ጠብታ አንድ ላይ አሰቡና ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። እኔም ላነሣቸው፣ ልሂድ ወይስ ልቆይ ግራ ገብቶኝ የመኪናውን ጎማ ሳይ ቆየሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እታለም ስፌታቸውን ወደ ጋራዡ አዛውረው በወንድማችን ግራ በኩል መቀመጥ ጀመሩ፤ በግራ ጆሯቸው በኩል ጥቂት የመስማት ትርፍ ነበርና። ደንበኛ ሲናገር እታለም ቃሉን አሳጥረው በዚያች ጆሮ ያስገባሉ፤ ሞተር ሲነሣም የሳተውን ድምፅ መለየት ተምረው እጅጌያቸውን በመሳብ ያስታውቃሉ፤ ወንድማችንም ዲስትሪቢዩተሩን ነቅለው በመሣሪያቸው ያረጋግጣሉ። የእታለም ግምት ከመሣሪያው ጋር ያልገጠመ ቀን፣ መርፌሽን ያዢ ብለው ያሾፉባቸው ነበር። በዚህ ሁኔታ ዘጠኝ ዓመት ሠርተው፣ ከሩቅ ሳይቀር የቤንዚን መኪና ያለው ሁሉ እየመጣላቸው፣ ጣሪያውም ከመሣሪያው ሥራ በተገኘው ተጠግኗል። ምሥጢሩን ግን ከሦስታችን ሌላ ልጆቻቸው እንኳ አላወቁትም ነበር። ዛሬ የማነበው በእታለም ፈቃድ ነው፤ ሰላምታችንን ናቁ ብላችሁ የተቀየማችሁ ካላችሁ፣ ከአፈር በፊት ቂሙን አውርዱላቸው ብለዋል።

በመጨረሻም በልብ ድካም ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ሐኪሙ በቀኝ ቆሞ የሚነግራቸውን ሁሉ ሳይሰሙ ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቁ ስለነበር፣ እታለም ሐኪሙን እጁን ይዘው በግራ በኩል እንዳዞሩት ነርሶቹ ይናገራሉ። ሕመሙ ግን በየትኛውም በኩል ቢዞሩት አልተመለሰም፤ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው እያሉ ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን፣ አሁንም የሚሠራ አንድ አሮጌ መሣሪያና በበር ላይ የተሣለ ድንች መሳይ ጆሮ ትተውልን ሄደዋል። አምላክ የደከመች ነፍሳቸውን ይቀበል፣ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።

አንድ ነገር ልጨምርና ልቀመጥ። እታለም ከጠዋት ጀምሮ በሬሳ ሣጥኑ ግራ በኩል ጎንበስ ብለው ሲናገሩ አይታችኋል፤ ሁለት ሦስት ሰውም አይሰሙሽም፣ ተነሺ እያለ ሊያነሣቸው ሞክሯል። እባካችሁ ተዉአቸው። የወንድማችንን አለመስማት ከእናንተ በፊት ያወቁት እታለም ናቸው፤ ካወቁ ወዲህ ግን አንድም ቀን ከመናገር አላገዳቸውም።